የጎሚስታው ልጅ ውርርድ

ኮምቦልቻ ውስጥ ጎማ በሚጠገንበት ሰፈር፣ ነገር ለጠናበት ሰው ጣል የሚደረግ አንድ አባባል አለ። የሚናገረው ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን የለም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሉባባ ምላስ ነው።

ሉባባ የጎሚስታው የይማም ልጅ ናት። ካራቴ ትማራለች። በተለይ ካታ በሚባለው፣ ባላጋራ እንዳለ እየታሰበ ብቻን በሚሠራው ተከታታይ እንቅስቃሴ፣ የሚስተካከላት አልነበረም። ስትሠራ ያየ ሁሉ ያጨበጭባል። አባቷ ብቻ ደስ አይለውም። ከሥልጠና የምትመለስበት መንገድ ጭር ያለ ስለሆነ፣ እስክትገባ ድረስ ደጅ ደጁን ያያል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ፣ "እስኪ ንገሪኝ፣ አንዱ እጅሽን አፈፍ ቢያደርግሽ ይሄ ጭፈራሽ ምን ይሠራልሻል?" አላት።

"ጭፈራ አይደለም አባዬ! ማንም ይያዘኝ፣ አስለቅቃለሁ። ካቃተኝ ካራቴውን እተወዋለሁ፣ ወላሂ!"

ምን አስቸኮላት? ይማም ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ከቸርኬ ሲያላቅቅ የኖረ ሰው ነው። እጇን አንጓዋ ላይ ጨበጠ። ሉባባ ሳበች፣ ተወራጨች፣ ላብ አጠመቃት። የአባቷ መዳፍ ንቅንቅ አላለም።

"በቃ ልጄ፣ በራስሽ ላይ ፈረድሽ" አለ ይማም፣ ሳይቆጣ።

ሉባባ እንባዋ መጣ። ከዚያ ትምህርት በላይ የምትወደው ነገር አልነበራትም። ይሄኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ የነበሩት ጎረቤታቸው አያ እንድሪስ ጣልቃ ገቡ።

"ኧረ ይማም፣ ለሌባም ይግባኝ ይፈቀዳል! እስከ ጁምዓ ጊዜ ስጣት።"

"እሺ፣ እስከ ጁምዓ። ከዚያ ወዲያ ግን ቃል ቃል ነው።"

ሉባባ በዚያው እግሯ አሠልጣኟ ማስተር አስናቀ ዘንድ ከነፈች። "ማስተር፣ ካታው ውስጥ እጁን ለተያዘ ሰው የሚሆን ምንም የለም?"

ማስተር አስናቀ ጭንቅላቱን አከከ። "እኔ እንደተማርኩት አስተማርኩሽ። ለምን እንደሆነማ መምህሬን መች ጠየቅኩት! ነይ እስኪ፣ እጅሽን ልያዝና ከመጀመሪያው ጀምሪው።"

እጇን እንደያዘ ካታውን ጀመረች። አንዱ እንቅስቃሴ ከሸፈ፣ ሌላውም ከሸፈ። ከዚያ አንዲት ቦታ ደረሱ፤ የቀኝ ጡጫ እየዞረ ወደ ደረት ይሳባል፣ የቀኝ እግር ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ቀጥሎ ጡጫው ከላይ ይወርዳል። ሉባባ ይቺን ሁልጊዜ ለውበት ነበር የምትሠራት፤ እግሯንም ለይስሙላ ያህል ነካ ታደርገው ነበር። አሁንም እጇን ብቻ ሳበች። አልለቀቀም።

"እግርሽስ?" አለ ማስተር።

እግሯን ከነሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ሰበሰበች። እጇም በአሠልጣኙ አውራ ጣት በኩል ዞሮ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

"ለካ ለዚህ ኖሯል!" አለች ሉባባ። ደስም አላት፣ ተናደደችም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ቁልፉን እንደ ጌጥ አንጠልጥላ ስትዞር ኖራለችና።

ጁምዓ ዕለት ከሶላት መልስ፣ አያ እንድሪስ ባሉበት፣ ይማም እጇን ያዘ። ስለሚሳሳላት አላላላትም፤ በእርግጥ ማምለጥ መቻሏን ሊያይ ከፊተኛው አጥብቆ ጨበጠ። ሉባባ አልተወራጨችም። እግሯን ሰበሰበች፣ ክንዷን አዞረች፣ ወጣች። ጡጫዋ ከላይ ወርዶ የአባቷን ትከሻ ሊነካ ሲል ቆመ።

ይማም ባዶ መዳፉን አገላብጦ አየ። "ከእንግዲህ ሂጂ ተማሪ" አላት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ቀጥሎ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። "ግን አያ እንድሪስ፣ ባለፈው ያን ያህል ስትታገል ያልወጣ እጅ፣ ዛሬ ምንም ሳትታገል እንዴት ወጣ?"

ሽማግሌው ሳቅ እያሉ፣ "ባለፈው እጅሽን ብቻውን ትተሽው ነበራ! ለተያዘ እጅ እግር ዋሱ ነው" አሉ ወደ ሉባባ እያዩ።