የማይሠራ ሰው በምን አድማ ይመታል?

አንድ ቀን ወሎ ውስጥ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ክበቡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከከተማ የመጣ ባለሙያ፣ «ሠራም አልሠራ፣ ለእያንዳንዱ ሰው መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ይሰጣል። ሙከራው እዚህ እንዲጀመር ሠራተኛ ማኅበሩ ማኅተም ይምታልኝ» አለ። ማኅበሩ እምቢ ካለ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ፋብሪካ ሊሄድ ነው።

ሸማኔው ይመር ጆሮውን ማመን አቃተው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማሽን ሥር ቆሞ ጉልበቱ አልቋል። ይህ ገንዘብ ቢመጣ ቢያንስ ትርፍ ሰዓቱን ትቶ ቁጭ ይል ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ አስፋቸው ግን ብድግ አሉ። እሳቸው እንኳ «የማኅበር ሥራ» እየተባለላቸው፣ ደመወዛቸው ሳይጓደል፣ ማሽን ከነኩ አሥራ አራት ዓመት አልፏቸዋል።

«አልመታም!» አሉ። «ሰው ሳይሠራ ከተከፈለው ይሰንፋል፣ ክብሩን ያጣል፣ ይወፍራል!»

የመጨረሻዋን ባይሏት ይሻላቸው ነበር፤ ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ የተበሳለት ባለፈው ሳምንት ነው።

«ይሄንንስ ተዉት» ብለው ቀጠሉ። «ነገ ገንዘቡን ቢያስቀሩብን ምን ልታደርጉ ነው? ደመወዝ ሲያስቀሩብን ሥራ እናቆማለን። የማይሠራ ሰው ምኑን ያቆማል? አድማ ከሌለ ደግሞ ማኅበር የለም!»

ባለሙያው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አገላበጠና፣ «ይሄ በጥናቱ አልታየም» ብሎ ቦርሳውን መዝጋት ጀመረ። ይመር ጉልበቱን ደግፎ ተነሣ።

«ጋሽ አስፋቸው፣ ይሄማ ቀላል ነው።»

«ቀላል? እስቲ ንገረና!»

«ገንዘቡን ካስቀሩብን ሥራ እንጀምርባቸዋለን! እስኪከፍሉን ድረስ ቀን ከሌት እንሠራባቸዋለን። አድማን ከፊት የሚመራው ደግሞ ሊቀመንበሩ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ማሽን እርስዎ ይይዛሉ።»

ክበቡ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ጋሽ አስፋቸውም ማኅተሙን መቱ፤ የመቱት ግን «ገንዘቡ ለአንድ ቀንም ቢሆን እንዳይቋረጥ» የሚል አንቀጽ በገዛ እጃቸው ከጨመሩበት በኋላ ነው።