ኳሱን የለቀቀው አሰልጣኝ

በአሜሪካ አገር አንድ ሰው ነበረ። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ የእነሱ እግር ኳስ ገና ሲጀመር። እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱን በእጅ አቅፎ መሮጥ ነው። በዚያ ላይ ተጋጣሚው መጥቶ ይከመርብሃል።

ይህ ሰው ኮሌጅ ሳለ ኳስ ከያዘ የሚያስቆመው አልነበረም። ሕዝቡ ሁሉ “ሆራስ! ሆራስ!” ይላል።

ትምህርቱን ሲጨርስ ጨዋታውም አበቃ። አንድ ትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው። ተማሪዎቹ ደስታቸው ወሰን አጣ። ግን ቅዳሜ፣ የጨዋታው ቀን ሲመጣ ይሸነፋሉ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ይሸነፋሉ።

ለምን መሰላችሁ?

ሆራስ ልምምድ ላይ አንዱ ሲሳሳት መታገሥ አይችልም። ኳሱን ይነጥቅና “እንዲህ ነው” ብሎ ራሱ ይሮጣል። ሲሮጥ ደግሞ ያምርበታል! ተጫዋቾቹ ቆመው ያጨበጭባሉ።

አንድ ቀን እንደ ልማዱ ሮጦ፣ ያገኘውን ሁሉ ጥሎ፣ እያለከለከ ተመለሰ። ክላረንስ የሚባል ዝምተኛ ተጫዋች ነበር። ቀስ ብሎ፣ “አሰልጣኝ፣ እርስዎ ሲሮጡ አየን፤ ደስም አለን። እኛስ መቼ ነው የምንሮጠው?” አለው።

የሆራስ ፊት ቀላ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ኳሱ አሁንም በራሱ ብብት ውስጥ ነው። ለክላረንስ ሰጠውና “ሩጥ” አለው።

ክላረንስ ሮጠ፤ ወደቀ። እንደገና ሮጠ፤ ኳሱ አመለጠው። ሆራስን ኳሱን ለመንጠቅ እጁን በላው፤ ግን ቻለው። ጠጋ ብሎ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ነገረው እንጂ ኳሱን አልነጠቀውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ይኸው ሆነ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ተጋጣሚያቸው ሆራስ ራሱ የተጫወተበት ትልቁ ኮሌጅ ነው። ከተሸነፉ ቡድኑ ይፈርሳል ተብሏል። ጉዱን ስሙ፤ በዚያ ዘመን አሰልጣኝ ከዳር ሆኖ መናገር በሕግ ክልክል ነበር! ሆራስ ከንፈሩን ነክሶ ተቀመጠ።

ሊያልቅ ሲል እኩል ናቸው። ኳሱ ክላረንስ እጅ ገባ። ሆራስ በልቡ “በግራ፣ በግራ!” ይላል። ክላረንስ ግን ጓደኞቹ በቀኝ ገፍተው የከፈቱለትን መንገድ አየ፤ በዚያው ሾልኮ ኳሱን እንዳቀፈ የሜዳውን መጨረሻ መስመር አለፈ፤ አሸነፉ።

ሕዝቡ ተጫዋቾቹን ትከሻው ላይ አወጣቸው። ሆራስን ዞር ብሎ ያየው የለም። እሱ ጭቃ የነካውን የተጫዋቾቹን ካፖርት እየሰበሰበ ብቻውን ይስቃል። አንድ የድሮ መምህሩ መጥተው ያ ሁሉ ጭብጨባ አይናፍቀው እንደሆነ ጠየቁት።

“ድሮ በሁለት እግር ነበር የምሮጠው” አላቸው። “ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ሆኜ፣ በሃያ ሁለት እግር ሮጥሁ።”

ወገኖቼ፣ እናንተስ? የመዘምራኑ መሪ፣ ያን ማይክሮፎን ለሌላ የሰጠኸው መቼ ነው? አንቺ እናት፣ ልጅሽ ወጥ ልሥራ ስትል ማማሰያውን ትነጥቂያት የለም ወይ? አትሳቁ፣ ሽማግሌዎች፣ ወደ እናንተም እየመጣሁ ነው! ጸሎቱን እናንተ፣ ስብከቱን እናንተ፣ ምክሩን እናንተ። ወጣቱ እያጨበጨበ ሊያረጅ ነው እኮ።

እግዚአብሔር ጸጋ የሰጣችሁ እንድታካፍሉት ነው። ለወጣቱ ስጡት፤ ይሞክር። ይሳሳታል፤ ይሳሳት! እኛስ ሳንሳሳት ነው እንዴ እዚህ የደረስነው? ሲወድቅ አጠገቡ ሁኑ። የተሳካለት ቀን ደግሞ ከሁሉ ቀድማችሁ እልል በሉ።