የጋለው ፕሮሰሰር

ሥራ አስኪያጁ አቶ ባንተይርጋ፣ ለቪዲዮ ኤዲተሯ የተገዛውን ፈጣን ፕሮሰሰር “ይህማ ለማዕረጌ የሚመጥን ነው” ብለው በራሳቸው ኮምፒውተር አስገጠሙና ካርታ ይጫወቱበት ጀመር። እሷ ምን ታድርግ? አሮጌውን ፕሮሰሰር ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አስተካክላ፣ የእሳቸውኑ ረጅም ንግግር ስትቆርጥ ስትቀጥል ሰነበተች።

አንድ ቀን እንግዶች አስከትለው ገቡና ኮምፒውተሯን ዳሰስ ቢያደርጉት ፈጃቸው።

“የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ልታቃጥይው ነው! የእኔን ሄደሽ ንኪው፤ ዓመቱን ሙሉ እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቃዛ ነው። ያንቺን ብቻ ለይቶ የሚያግለው ምንድን ነው? እዚሁ እንግዶቹ ፊት ተናገሪ፤ አለዚያ ነገ እንዳትመጪ!” ብለው ጮኹ።

እሷም እጅ ነስታ፣ “ሥራ ነዋ፣ ጌታዬ! የቢሮዎን መንገድ ቢያውቀው ኖሮ የእርስዎንም ያግለው ነበር” አለቻቸው።