የልብስ ሰፊው ግድግዳ

ወገኖቼ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የሚሠራው እዚያው መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። ከጓሮ ባለችው ክፍል ደግሞ የሟች ወንድሙ ሚስት ዘነቡ ትኖር ነበር።

አንድ ክረምት የቤቱ መብራት ድርግም ማለት ጀመረ። ጎረቤቱ ሁሉ በርቷል፤ የእሱ ቤት ብቻ ይጠፋል። ቆጣሪው ጋ ሄዶ ሲያይ ብሬከሩ ወርዷል። ያነሣዋል፤ ይወርዳል። ደግሞ ያነሣዋል፤ ደግሞ ይወርዳል። የስፌት መኪናው ይቆማል፣ ካውያው ይቀዘቅዛል፣ ደንበኛው ደጅ ቆሞ ያጉረመርማል።

ማንን ጠረጠረ? ራሱን? ኧረ የት!

“ዘነቡ፣ ጉድ የሚሠራኝ ይኼ ምድጃሽ ነው። ንቀይው” አላት።

ነቀለችው። በከሰል ማብሰል ጀመረች። መብራቱ ግን መጥፋቱን አልተወም።

“ተደብቀሽ ትሰኪያለሽ!”

“የወንድምህ አፅም ይመስክርብኝ፣ አልሰካሁም።”

አላመናትም። እሷም ልብሷን ሸክፋ እህቷ ቤት ገባች።

በሄደች በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። መብራቱም ጠፋ።

አሁንስ ማንን ይክሰስ? ቸግሮት ብርቄ የምትባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራ። “ጋሼ፣ በቤቱ የተሰካውን ሁሉ ይንቀሉ” አለችው። ነቀለ። ብሬከሩን አነሣችው። ወረደ።

“አዩ? ምንም ሳይሰካ ወረደ። ችግሩ ግድግዳው ውስጥ ነው።”

መስመሮቹን አንድ በአንድ እየለየች ስትሞክር የእሱ የሥራ ክፍል ላይ ደረሰች። “ይህን መደርደሪያ ማን በምስማር መታው?”

“እኔ ነኝ፤ ግንቦት ላይ።”

ምስማሩን ስትነቅለው ከሥሩ የተላጠ ሽቦ ወጣ። ግድግዳው ዝናብ በጠጣ ቁጥር ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል ይሾልክ ነበር። “ብሬከሩን ይመርቁት” አለችው። “እሱ ባይወርድ ኖሮ ቤቱ በተቃጠለ።”

በማግስቱ ዘነቡ ዘንድ ሄደ። “ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ” አላት።

“ይቅር ብዬሃለሁ” አለችው። “ግን ስምልልህ ለምን አላመንከኝም?”

ሽቦው በአንድ ከሰዓት ተቀየረ፤ ዘነቡ ወደ ክፍሏ የተመለሰችው ግን ፋሲካ ሲደርስ ነው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? የቤታችሁ ሰላም ሲናጋ መጀመሪያ የምትፈትሹት የማንን ጓዳ ነው? የሚስታችሁን? የምራታችሁን? የሠራተኛችሁን? ሁሉንም ፈትሻችሁ፣ ሁሉንም ወቅሳችሁ፣ ነገሩ አሁንም እንዳለ ከሆነ፣ የቀረ ማን ነው? “እኔ” ማለት ለምን ይህን ያህል ይከብደናል?

ለእናንተ ብቻ የምሰብክ እንዳይመስላችሁ። እኔም ሲምልልኝ ያላመንኩት አንድ ወንድም አለኝ። ከተኳረፍን ዓመት አልፎናል። ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ወደ እሱ እሄዳለሁ።

እናንተስ ወደ ማን ትሄዳላችሁ?