የታሰረችው ፍየል

ከተራራ ሥር በተቀመጠች፣ መስጊዷ ከቤቶቿ ሁሉ በዕድሜ በሚበልጥባት አንዲት ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ከተራራው ወርዶ የገበሬውን አፈር ጠራርጎ ይሄዳል። አንዱ የማሳውን ዳር ሳያርስ ትቶ ችግኝ ቢተክል ጎርፉ በጎረቤቱ በኩል ዞሮ ይገባበታል። ሐጂ ይህን አይተው ለከብት ያስከለሉትን ሰፊ የሣር መሬት ለአላህ ብለው ለሕዝብ ጥቅም ወቅፍ አደረጉት። ደንቡ ቀላል ነበር። የማሳውን የላይ ዳር ለሣርና ለችግኝ የተወ ሰው በበጋ በየሳምንቱ አንድ ሸክም ሣር ያገኛል። ዳሩ ከጎረቤቱ ዳር ከገጠመ ግን ሁለቱም ሁለት ሁለት ሸክም ይወስዳሉ። መግጠሙን የሚያረጋግጡት ሐጂ ራሳቸው ናቸው፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጫማቸውን አውልቀው በዳሩ ላይ ይሄዳሉ፣ እግራቸው ባዶ አፈር ከነካ «እዚህ ተቋርጧል» ይላሉ።

የረዊያ ማሳ ከጣውንቷ ከዘምዘም ማሳ ጋር ይዋሰናል። ረዊያ ቁርአን እስከ መጨረሻው ቀርታ ያኸተመች፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ሰው «ጨዋ» የሚላት ሴት ነበረች። ባሏ ዘምዘምን ካገባ ወዲህ ግን ሆዷ ውስጥ የሚነድ ነገር አለ። ዘምዘም ስትስቅ ይነድዳል፤ የዘምዘም ላም ስትታለብ ይነድዳል። የሁለቱ ዳር ገጥሞ የመጀመሪያው ሁለት ሁለት ሸክም የመጣ ዕለት ባሏ፣ «የዘምዘም እጅ በረካ አለው፤ የተከለችው ሁሉ ይጸድቃል» አለ። ረዊያ የራሷን ሸክም አላየችውም። ያየችው የዘምዘምን ነው።

ሐሙስ፣ ሰው ሁሉ ገበያ በሄደበት ሰዓት፣ ወሰኑ ላይ ያሉትን ችግኞች ከነሣሩ ነቀለች።

በማግስቱ የሐጂ እግር ባዶ አፈር ላይ ቆመ። በሠፈሩ ፍየል የነበራት ዘምዘም ብቻ ስለሆነች ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ወላሂ ፍየሌ ከደጅ አልወጣችም!»

«እና ችግኙ በእግሩ ሄደ?» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ። ረዊያ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ፍየሏ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንድ ላይ ታሰረች።

ችግኙ እንደገና ተተከለ። እስኪይዝ ድረስ የሁለቱም ሣር ወደ አንድ ሸክም ወረደ። ሐጂ ደንባቸውን አላፈረሱም፤ ነገር ግን ከራሳቸው ላም ድርሻ ቀንሰው ለዘምዘም ላኩላት። ረዊያ ይህን ስትሰማ እንደገና ወደ ወሰኑ ሄደች፣ አዲሱንም ነቀለችው። ፍየሏ ታስራ እንደነበር ትዝ ያላት ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።

ጁምዓ ጠዋት ያጠፋችውን ልትሸፋፍን ችግኝ ይዛ ስትሮጥ ሐጂ ቀድመዋት፣ ተንበርክከው ሲተክሉ ደረሰች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልጄ። ውሃ ይዘሻል?»

«አባባ ሐጂ... ማን እንደነቀለው...»

«ፍየል ጫፍ ትቀነጥባለች እንጂ ከሥር አትነቅልም። የእግርሽንም ዱካ የመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ።»

ረዊያ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ። ዛሬም ሰው ሳይመጣ ልጨርሰው ብዬ ነው የማለድኩት። አብሽሪ።»

«ማንም አያውቅም ማለት ነው?»

ሐጂ እጃቸውን አራገፉ። «አላህ ሸሽጎልሻል፤ እኔም ሸሽጌልሻለሁ። ፍየሏ ግን እንደታሰረች ናት።»

ረዊያ በቀጥታ ወደ ዘምዘም ደጅ ሄዳ ገመዱን መፍታት ያዘች።

«እታለም፣ ምን ነካሽ? ደግማ በልታ ታዋርደኝ?»

«አልበላችም። የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

ዘምዘም ወደ ግንዱ ቀረበች። «የራስሽን ሸክም አጥተሽ?»

«የራሴንም አጥቼ።»

«ሱብሃነላህ! ይህን ያህል ጠልተሽኝ ነበር?» አለችና ገመዱን በሌላኛው ጫፍ ይዛ አብራት ፈታችው። ለሰው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

የሐጂ ደንብ የሁለት ሰው በረካ አንድ ላይ እንዲበዛ የተሠራ ነበር። ሐሰድ፣ ክፉ ቅናት፣ ያደረበት ልብ ግን የጎረቤቱን ሸክም ለማጉደል የራሱን ይጥላል። አላህ ነውራችንን ሲሸፍንልን ተጸጽተን ተውበት እንድናደርግ ጊዜ እየሰጠን ነው፤ ሌላው በእኛ ጥፋት ታስሮ ሳለ ተደላድለን እንድንቀመጥ አይደለም። ሐጂ ሞተዋል፣ ዘምዘምም ሞታለች፣ አላህ ይዘንላቸው። በዚያች ከተማ ግን ያቺ ፍየል እስከ ዛሬ በሌብነት ትነሳለች። ረዊያ ብዬ የጠራኋት ሴት ይህን ለመናገር ሠላሳ ዓመት አፍራለች። ዛሬ ግን ተናግሬ ገመዱን ፈትቻለሁ።