ሁሉም የረገጠው ጭቃ

አንዲት ብርቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከአንዲት የገበያ ከተማ ጥግ፣ ከወንዙ ማዶ ትኖር ነበር። አያቷም እናቷም እዚያው ተወልደው እዚያው ተቀብረዋል። ይሁንና አንዲት ጥማድ መሬት እንኳ አልነበራቸውም። በዚያ አገር ልማድ በጭቃ የሚተዳደር ሰው ርስት አይቆጠርለትም፤ ከሰው ማዕድም አይቀርብም። የከተማው ሰው እንስራዋንና ድስቷን ይገዛታል፣ ከዚያ ወዲያ ፊቱን ያዞራል።

ብርቄ አንድ አመል ነበራት። መንገድ ስትሄድ ጎንበስ ትልና አፈር ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ አንዳንዴም ምላሷ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ከዳገቱ በላይ ያለው እርሻ ጥቁር ዋልካ፣ ከዳገቱ በታች ያለው ቀይና አሸዋማ መሆኑን ከሩቅ ታያለች። ማሳዎቹን ግን ረግጣ አታውቅም፤ ማን አስረግጧት! «ያ ጥቁሩ ውሃ ሲነካው ምን ይል ይሆን? ቀዩስ እሳት ይችል ይሆን?» እያለች ስታሰላስል ትውላለች። የምታውቀው ከወንዙ ዳር፣ ከተዳፋቱ ሥር ያለውን አንድ የሸክላ አፈር ጉድጓድ ብቻ ነበር። እሱንም በዚያ ዓመት ግራዝማች ውብነህ የሚባሉ ባለርስት «ተዳፋቱ የአባቴ ነው» ብለው በእሾህ አሳጠሩት። ብርቄም ሥራ ፈትታ ተቀመጠች።

ከተማዋ ከዳገቱ በላይና በታች በሚያርሱ፣ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» በሚባሉ ሁለት ወገኖች የተከፈለች ናት። ላይ ቤቶች «ይህን አገር ያቀናው የእኛ አባት ነው፤ እናንተ መጤ ናችሁ» ይላሉ። ታች ቤቶች ደግሞ «የእናንተ አባት ሲደርስ የእኛ አባት በሬውን ፈትቶ ምሳውን እየበላ ነበር» ብለው ይመልሳሉ። ነገሩ በቀልድ ይጀመርና በዱላ ያልቃል። በመስቀል ሰሞን አያ በለው የሚባል የታች ቤት ገበሬ በገበያ መሐል ግንባሩን ተፈንክቶ ወድቆ ነበር።

ያን ጊዜ አዲስ የተሾመ አገረ ገዥ መጣ። ሰውየው ነገር ማጣራት የሚወድ ነው። ሁለቱንም ወገን ሰብስቦ፣ «አደባባዩ ላይ ይህን አገር የሚመስል ምስል ላቆም አስቤአለሁ። ማንን ይምሰል?» ሲል ጠየቀ። ላይ ቤቶች አባታችንን በፈረስ ላይ አሉ። ታች ቤቶች አባታችንን ከነሞፈሩ አሉ። እስከ ቀትር ሲጯጯሁ ሰማቸውና ተነሥቶ ቆመ።

«በቃ። እንግዲያው የምትፋጁለት አፈር ራሱ ይቁም! አፈር የሚያውቅ ሰው አምጡልኝ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ገበሬ ነው፤ ሁሉም አፈር ያውቃል። አፈር አቡክቶ ማቆም የሚችል ግን አንድም አልተገኘም። በመጨረሻ አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ከወንዙ ማዶ አንዲት ሸክላ ሠሪ አለች» አለ።

ብርቄ ተጠርታ መጣች። አገረ ገዥው የሚፈልገውን ሲነግራት ዓይኗ በራ።

«እሠራለሁ ጌታዬ። አንድ ነገር ግን አለ። እያንዳንዱ ቤት ከገዛ መሬቱ አንድ እንቅብ አፈር ያምጣልኝ። በአሽከር ሳይሆን በገዛ እጁ።»

«ለምን በገዛ እጁ?»

«የየትኛው ማሳ እንደሆነ ባለቤቱን እየጠየቅሁ እንዳየው ነው። እዚህ ተወልጄ አርጅቻለሁ፤ የዚህን አገር የማሳ አፈር ግን ነክቼው አላውቅም።»

አገረ ገዥው የአገሬውን አለቃ፣ ጭቃ ሹሙን፣ ጠርቶ አዋጅ አስነገረ።

በሦስተኛው ቀን አደባባዩ በእንቅብ ተሞላ። ብርቄ ከእንቅብ እንቅብ እየዞረች አሸች፣ አሸተተች፣ ቀመሰች። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀስ በቀስ ግን እየተጠጋ ያያት ጀመር። አያ በለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይህን ያመጡት ከማሳዎ ግርጌ ነው?»

«አዎ።»

«እዚያ ላይ እህሉ ቶሎ ቢጫ አይሆንብዎትም?»

አያ በለው እየተገረመ ጠጋ አለ። «ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነገረኝ» አለች አፈሩን እያሳየችው። «ውሃ ይተኛበታል፤ ጎምዛዛ ነው። ቦይ ቢያወጡለት ይድናል።»

ከዚያ በኋላ ሳቁ ቀረ። «የእኔንስ እስቲ ቅመሽልኝ» የሚለው በዛ።

የላይ ቤቱ ግራዝማች ውብነህ ግን ተቆጡ። «የላይ ቤት አፈር ከታች ቤት አፈር ጋር አይቀላቀልም! የየራሱ ይሠራ።» ብርቄ አልተከራከረችም። ከጥቁሩ አንድ ትንሽ ሰው፣ ከቀዩ አንድ ትንሽ ሰው፣ ከሁለቱም ቅልቅል ሌላ ትንሽ ሰው ሠርታ አደባባዩ ላይ ፀሐይ አስመታቻቸው። ሰዉ ለገበያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ሆነ። በአራተኛው ቀን ጥቁሩ ከራሱ እስከ እግሩ ተሰነጣጠቀ። ቀዩ ሲነኩት እየተፈረፈረ አለቀ። ቅልቅሉ እንደቆመ ነበር። ግራዝማች አንሥተው አገላብጠው አዩት፤ መልሰውም አስቀመጡት።

ብርቄ በአደባባዩ መሐል ሰፊ ጉድጓድ አስቆፍራ አፈሩን ሁሉ አስገለበጠች፤ ጭድ በተነችበት፣ ውሃም አስቀዳችበት። «አሁን የሚረግጥ እግር ያስፈልጋል። የእኔ ሁለት እግር አይበቃም» አለች። ማንም አልተነቃነቀም። ከሸክላ ሠሪ ጋር ጭቃ መርገጥ ውርደት ነውና።

አያ በለው ወደ ጭቃ ሹሙ ዞሮ፣ «አንተ ሰው፣ ጭቃ ሹም ተብለህ ጭቃ ትፈራለህ?» አለው። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ለነገሩ ቤታችንን ስንመርግ ሁላችንም ረግጠን የለ? እስቲ ልየው!» ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ከዚያ ጭቃ ሹሙ እያፈረ ተከተለው። ከዚያ ሴቶች፣ ከዚያ ጎረምሶች ገቡ። ጭቃው ያንሸራትታል፤ የጎረቤቱን ትከሻ ያልያዘ ይወድቃል። አያ በለው ሸርተት ሲል አንድ ሰው በብብቱ ገብቶ ደገፈው። ቀና ብሎ ቢያይ በመስቀል ሰሞን የፈነከተው ሰው ነው። ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ። መርገጣቸውን ቀጠሉ።

ብርቄ በሁለት ወር ውስጥ ምስሉን አቆመችው። እጆቹን ዘርግቶ የተቀመጠ ግዙፍ ሰው ነው፤ ጭኑ አሥር ሰው ያስቀምጣል። ፊቱን ግን ልሙጥ አድርጋ ተወችው። አገረ ገዥው ምክንያቱን ሲጠይቃት፣ «ቀድሞ የመጣውን ሰው ያየ ካለ መልኩን ይንገረኝና ልሥራው» አለች። የነገራት የለም።

የምረቃው ቀን ጭቃ ሹሙ አፈር ያመጡትን ቤቶች ስም ይጠራ ጀመር። ስሙ የተጠራ እየሄደ ጭኑ ላይ ይቀመጣል፤ ሰዉ እልል ይላል። ስሞቹ አልቀው የብርቄ ሳይጠራ ቀረ። አገረ ገዥው፣ «የሠራችውስ?» ብሎ ጠየቀ።

ግራዝማች ውብነህ፣ «የተባለው አፈር ያመጣ ነው። እሷ በውስጡ አንዲት ጭብጥ አፈር የላትም» አሉ።

«እውነታቸውን ነው፤ የለኝም» አለች ብርቄ። «ጉድጓዱ ከመታጠሩ በፊት ቢሆን ኖሮ አመጣ ነበር። ምስሉም ቆዳ አልለበሰም፤ ዝናብ የሚመልስለት ቆዳ ይሆነው የነበረው የጉድጓዱ አፈር ነው።» ይህን ብላ መሣሪያዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወንዙን ተሻገረች። አያ በለው ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሆኖም የሰዉን ፊት ፈርቶ መልሶ ዘጋው። ያን ቀን ምሳ አልበላም ይባላል።

ሰዉ ምስሉን ወደደው። ገበያተኛ ሸክሙን ጭኑ ላይ ያሳርፋል፤ የተጣላ ተቀምጦበት ይታረቃል፤ ሙሽሮች ሳይቀመጡበት አያልፉም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ግራዝማች ውብነህ እንኳ ማንም የማያያቸው ሲመስላቸው አረፍ ይሉበት ነበር።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ። የምስሉ ትከሻ መሟሟት ጀመረ። ከዚያ ክንዱ ሳሳ፣ ጭኑ ተቦረቦረ፤ ጥቁርና ቀይ ጎርፍ አንድ ላይ ሆኖ በአደባባዩ ወረደ። ላይ ቤቶችም ታች ቤቶችም ሰሌንና ቆርበት ይዘው እየሮጡ ወጡና አለበሱት። «የእናንተ» «የእኛ» ያለ አልነበረም። ሰሌን ግን ክረምትን አይመልስም። ጭቃ ሹሙ ወደ ብርቄ ተላከ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። «አፈሩ በእሾህ ውስጥ ነው አለች» ብሎ ነገራቸው።

በማግስቱ ግራዝማች ውብነህ ራሳቸው ወንዙን ተሻገሩ። በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው ነው። ብርቄ ደጃፏ ላይ ነበረች፤ ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

«ብርቄ፣ አጥሩን አስነሥቼዋለሁ። የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ግን አልወስድም።»

«ደግሞ ምን ጎደለሽ?»

«ሰው ሁሉ ያመጣው ከገዛ መሬቱ ነው። እኔ በችሮታ በሰጡኝ አፈር ዛሬ ብቀባው፣ ነገ ቅር ሲልዎ መልሰው ያጥሩታል። ምስሉም ይፈርሳል፣ እኔም ጾሜን አድራለሁ።»

ግራዝማች ወደ ተዳፋቱ አዩ። «አያትሽን አውቃት ነበር። ልጅ ሆኜ እዚያ ስትቆፍር አይቻታለሁ» አሉ።

«ያኔ አባትዎ አጥረውት ነበር?»

«አላጠሩትም።»

ግራዝማች በዝናቡ ውስጥ በትራቸውን ተመርኩዘው ተመለሱ።

ዝናቡ ባባራበት ቀን አገሬው አዲስ አፈር እየያዘ አደባባዩ ላይ ተሰበሰበ። ጭቃ ሹሙ እንዳለፈው ቤት በቤት ጠርቶ ጨረሰ። ግራዝማች ውብነህ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ጭቃ ሹም፣ አንድ ቤት ዘለሃል።»

«የማንን ጌታዬ?»

«ከወንዙ ዳር ጉድጓድ ያላትን። ጉድጓዱ የአያቷ ነው፣ የእናቷ ነው፣ የእሷ ነው። አባቴ ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ሰው ሁሉ ይስማ፤ ጥራት!»

«የብርቄ ቤት!» አለ ጭቃ ሹሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ብርቄ ከሰዉ መሐል ወጥታ ወደ ጉድጓዱ ወረደች፤ ግራጫ የሸክላ አፈር በእንቅብ ተሸክማም ተመለሰች። አያ በለው ሮጦ ከራሷ ላይ አወረደላት። «እትዬ ብርቄ፣ ያን ጊዜ መናገር ሲገባኝ ዝም አልሁ፤ ይቅር በይኝ» አላት። እሷም፣ «ቦዩን አወጡለት?» ብላ ጠየቀችው። «አውጥቻለሁ፤ ዘንድሮ እህሉ አረንጓዴ ነው» አለ። ያን ዕለት የተቦረቦረው በአዲሱ አፈር ከተሞላ በኋላ ሰዉ ሁሉ እጁን በግራጫው ጭቃ እየነከረ ምስሉን ከእግር እስከ ራሱ በመዳፉ ቀባው። ግራዝማች ጉልበቱን ቀቡ፤ ጎንበስ ሲሉ ብርቄ በክንዳቸው ያዘቻቸው።

አገረ ገዥው ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ «እንግዲህ አይፈርስም?» አላት።

«አንድ ክረምት ይችል ይሆናል፣ ምናልባትም ሁለት። ከዚያ እንደገና መምጣት አለባቸው።»

«እና ይህ ሥራ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ብርቄ ጥያቄው ገረማት። «መሬቱስ መቼ ያልቃል ጌታዬ? በየዓመቱ አይደል የሚታረሰው?»

አገረ ገዥው ሳቀ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ጭቃው ውስጥ ነከረ።

ወዳጆቼ፣ አባቶች አፈር ያወርሱናል፤ አገር ግን በአንድ ጊዜ ተወርሶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የታረሰው መልሶ ካልታረሰ ዳዋ ይለብሳል፤ የተመረገው መልሶ ካልተመረገ ይፈርሳል። ማን ቀድሞ መጣ እያልን ስንጨቃጨቅ ክረምቱ አይጠብቀንም። የአንድ ቤት አፈር ብቻውን ይሰነጠቃል፤ የጎረቤት አፈር ሲቀላቀልበት ይቆማል። አንዱን ደግሞ በእሾህ አጥረን ያስቀረነው እንደሆነ፣ ያቆምነው ሁሉ ቆዳ ሳይለብስ ይቀራል።

እስቲ በየሰፈራችን እናስብ፤ በእጁ ሥራ እየተጠቀምን ስሙን ያልጠራነው ሰው ማን ነው?