ሳይሞከር የተገዛው ሲስተም

ወሬ አታብዢ ይሉኛል፤ ይህን ግን እዚያው ቆሜ ያየሁት ነው። የወረዳችን ኃላፊ ፈቃድ የሚያድስ አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም አስገዛና ማንም ሳይሞክረው ሪባን ቆርጦ፣ በግ አሳርዶ አስመረቀው። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ የማንንም ስም አላገኝ አለ። የጠላ ሻጯ ጎረቤቴም ፈቃድ ሳይታደስ ቀርቶ ቤቷ ሦስት ወር ታሽጎ ከረመ።

አንድ ቀን ሲስተሙን ሊያዩ ከክልል እንግዶች መጡ። ኃላፊው ጎረቤቴን አብረን ከቆምንበት ሰልፍ ነጥሎ ጠራትና ቀስ ብሎ፣ «አገልግሎቱ አርክቶኛል ብለሽ ፈርሚ፤ አለዚያ ፈቃዱን እርሺው» አላት።

«ያላገኘሁትን ምኑን ልፈርም?» አለች ጮክ ብላ።

እንግዶቹ ወደ እሷ ዞር ሲሉ ኃላፊው የውሸት ሳቁን ሳቀ። «እናቴ፣ ፊደል ሳትቆጥሪ ስለ ሲስተም ምን ታውቂያለሽ? እስቲ አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትገዢው ነበር?»

«እኔማ ጌታዬ፣ ጋን ስገዛ ውሃ ሞልቼ አሳድረዋለሁ፤ ካፈሰሰ ለሸክላ ሠሪዋ እመልሳለሁ። እርስዎ ግን ጋኑን ሳይሞክሩ አስመርቀው፣ ጠላው መሬት ፈሶ ሲያልቅ፣ ጠብታ ያልቀመሰውን ሰው ‹ሰክሬያለሁ ብለህ ፈርም› ይሉታል!»

አንዱ እንግዳ ሳቁ እያመለጠው እስክሪብቶ አስመጣ፤ ፈቃዷም እዚያው በእጅ ተጻፈ።